ቀስቱ ሃያ ሁለት ላይ

ፍሪጅ መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ደሴ ውስጥ፣ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ፣ እጄ ያልገባ ፍሪጅ ካለ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ግን ያን ቀን ያደረግኩትን ከመናገሬ በፊት ደምመላሽ የሚባለው ሰውዬ፣ ማለትም እኔ፣ ማን እንደነበር ማወቅ አለባችሁ። ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጉዱም እዚያ ላይ ነው።

ሱሀይላ ሱቄ የመጣችው በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ሲመለስ ደግሞ በኃይል እየመጣ የሰው ፍሪጅ ያቃጥላል። አገሩ ሁሉ መንግሥትን ሲያማ እኔ ሥራ በዝቶልኝ ዝም ብዬ ነበር። ልጅቷ መነጽር ያደረገች፣ ሂጃቧን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ቀጭን ናት። የደጋን ከተማ ልጅ ስትሆን ደሴ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ከማስተማሩ ጎን ምርምር ትሠራለች።

«ጋሼ፣ የተበላሸብኝ ፍሪጅ አይደለም» አለችኝ። «ማድረቂያ ነው።»

«ለማድረቂያ እኔ ጋ ምን አመጣሽ? ፀሐይ ላይ አስጪው።»

ሳቀች። ስትስቅ እንዳለቀልኝ አወቅኩ፤ ተነስቼ ተከተልኳት።

ዕቃው ከውጭ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ነው። ከላይ ወፍራም የመስታወት ክዳን፣ ከሥሩ ብርድ የሚሰጥ ጥቅል ቱቦ፣ ከጎኑ አየር መጥጦ የሚያወጣ ፓምፕ አለው። መብራት ሲመለስ ፓምፑም ተቃጥሏል፣ ግፊቱን የሚያሳየው ኤሌክትሮኒክ መለኪያም ጨልሟል። አሠራሩን ስትነግረኝ ገረመኝ። መጀመሪያ መድኃኒቱ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ይቀዘቅዛል። ከዚያ በዙሪያው ያለው አየር ሁሉ ይመጠጣል። አየሩ ወለሉ ድረስ ከወጣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ውሃ ሳይሆን፣ በቀጥታ ተንኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው ደረቅ ነጭ ነገር ብቻ ነው። አየር ከቀረ ግን በረዶው ይቀልጣል።

«ከቀለጠ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ከቀለጠ አለቀ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ስለ ዶሮ ነገረችኝ። ፈንግልን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ አንድ ሳምንት ውስጥ መንደሩን ዶሮ አልባ አድርጎ ይሄዳል። ሱሀይላ የምትሠራቸው በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ጂን ተሸክመዋል። ጂኑ መመሪያ ነው አለችኝ፤ ቅንጣቱ የዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ያደርሰዋል፣ ሰውነቷም በሽታው ሳይመጣ መከላከሉን ይማራል። ቅንጣቶቹ ውሃ ውስጥ ከቆዩ ግን እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከተያያዙ ምንም አያደርሱም። ፍሪጅ ውስጥ ቢቆዩ ሁለት ሳምንት ነው፣ መብራት ከጠፋ ያንንም አይቆዩም።

«ከደረቁ ግን ዓመት ይቀመጣሉ» አለች። «ስኳር እጨምርበታለሁ፤ ሲደርቅ በመካከላቸው ገብቶ ያለያያቸዋል። ኩታበር ገጠር ያለች ሴት ብልቃጡን ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ሲያስፈልጋት የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ትጨምርበታለች፣ በቃ። ፍሪጅ አያሻትም።»

«የእኔን እንጀራ ልትዘጊ ነዋ!» አልኳት።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ለእርስዎ የሥጋ ቤቶቹ ፍሪጅ ይበቃዎታል።»

ጂኑን የሚጠቀልለው ንጥረ ነገር ከውጭ አገር አንድ ፕሮፌሰር በስጦታ የላከላት ነው። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ወጥቷል፣ ቤተ ሙከራው ተዘግቷል፣ ሌላ የሚልክላት የለም። የቀራት ጠርሙሱ ሥር ያለው ብቻ ነው፤ ቢሞላ ቢሞላ ሠላሳ ስድስት ብልቃጥ። እነዚያ ሠላሳ ስድስት ከደረቁ፣ ሦስት ወር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ከሠሩ፣ ኮሌጁ ሥራዋን ያስቀጥላል። ካልሆነ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም። ሴት ልጅ የለኝም። ቢኖረኝ እንዲህ ያለች ብትሆን ብዬ አሰብኩ።

እንደ እሷ ዓይነት ፓምፕ አዲስ አበባም አልተገኘም። እኛ ጠጋኞች ግን ለዚህ መላ አለን። ከወደቀ ፍሪጅ የተነቀለ ኮምፕሬሰር አየር መሳብ ያውቃል፤ ሁለቱን አከታትለህ ካሰርካቸው አንዱ የተወውን ሌላው ይስባል። ሁለት ጥሩ ኮምፕሬሰር መርጬ ዘይታቸውን ቀየርኩ፣ ቱቦ አበየድኩ፣ ጫፉ ላይ የራሴን ጌጅ፣ የአየር መለኪያዬን፣ አሰርኩ። ጌጁ እስከ ሠላሳ ቁጥር አለው። ሱሀይላ ይህን አየችና ጠየቀችኝ።

«የአበሻ ወለል ሃያ ሁለት ነው» አልኳት። «ሠላሳው የፈረንጅ ነው።»

ያሠለጠነኝ ሰው እንዲህ ነበር ያለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጌጁ ቀስት ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ አየሩ አልቋል ብዬ ጋዝ ሞልቻለሁ፣ ፍሪጆቹም ሠርተዋል። ምን ብዬ ልጠራጠር?

መብራት ባለበት አንድ ቀን በአንድ ብልቃጥ ባዶ የስኳር ውሃ ሞከርን። ቀስቱ ወርዶ ሃያ ሁለት ላይ ቆመ። ማታ ክዳኑን ስንከፍት ብልቃጡ ውስጥ ነጭ፣ እንደ አይብ የቆመ ነገር አገኘን። ሱሀይላ አልሐምዱሊላህ አለች። እኔ ደግሞ ምንም እንዳልመሰለኝ ሰው እጄን በጨርቅ ጠረግኩ፤ ውስጤ ግን እየጨፈረ ነበር።

የቀረው መብራት ነው። ሠላሳ ስድስቱን ለማድረቅ አንድ ቀን ተኩል ያለማቋረጥ መብራት ያስፈልጋል፤ ደሴ ውስጥ ያ የለም። አጎቷ ጀላል ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማቀዝቀዣ ክፍል ሠራተኛ ነው። የፋብሪካው መስመር ፈረቃ አያውቀውም። አለቃውን ለምኖ የመጋዘን ጥግ ለሁለት ቀን አስፈቀደልን።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ዕቃውን በሺር የሚባል ሹፌር ፒክአፕ ላይ ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ያን ጠመዝማዛ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዕቃው በየኩርባው ሲንገጫገጭ ልቤ አብሮ ይንገጫገጭ ነበር። ሱሀይላ ብልቃጦቹን የያዘውን ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። ከፊት ግቢ ብላት፣ እርስዎ እያሉ ብላ እምቢ አለች።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ተሰክቶ አለቀ። ለማቀዝቀዣ፣ ላም ከሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የለመነችው ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያጠለቀች አጠጠረቻቸው፣ ሩጣ ከክዳኑ ሥር ደረደረቻቸው፣ እኔ ኮምፕሬሰሮቹን አስነሳሁ። ቀስቱ ወረደ። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ሃያ ሁለት ላይ ቆመ።

«ልክ እንደ ደሴው!» አልኩ። ደሴ ላይ አንዴ እንኳ ተሳስቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ግን የራሷ ጠጋኞች ስላሏት፣ እዚያ ወርጄ ጌጅ አስሬ አላውቅም ነበር። ይህ ያኔ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ሱሀይላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች። ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ ደግማ ስትጽፍ አያታለሁ። አምስት ሰዓት ገደማ ተነስታ ጌጁ አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ፣ ወለሉ ላይ ነው?»

«ወለሉ ላይ ነው።»

«ምናልባት ከዚህ ወረድ ይል ይሆን? ኮምቦልቻ ስለሆነ ማለቴ…»

«ኮምቦልቻ ምን አላት? ሌላ አገር ናት?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብላ ሄዳ ብትቀመጥ ደግ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና መጣች። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ መጋጠሚያዎቹን አንዴ ብናያቸውስ? መንገዱ አንገጫግጮት…»

ተቆጣሁ። ለምን እንደተቆጣሁ ዛሬ አውቃለሁ። የፋብሪካው ሠራተኞች ሁለት ሦስት ሆነው በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር፤ እነሱ ፊት ሥራዬን ልጅ ስትጠይቀኝ ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሳትወለጂ እኔ ጌጅ አነባለሁ! ወለሉ ላይ ነው አልኩሽ! ወላሂ ወለሉ ላይ ነው!»

ወላሂ ማለቴን ልብ በሉ። እኔ የመድኃኔዓለም ምዕመን ነኝ፤ ግን ወሎ ውስጥ ለምትወደው ሰው በእሱ መሐላ ትምልለታለህ። ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ ጋሼ» አለችና ሄዳ ተቀመጠች፣ ደብተሯንም ዘጋችው። በር ላይ የነበሩትም ሳቅ እያሉ ሄዱ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዳር ላይ ያለ አንድ ብልቃጥ ማብረቅረቅ ጀመረ። በረዶ ሲሆን ነጭና ደብዛዛ ነበር፤ አሁን ጠርዙ ላይ እርጥብ ነገር አለ።

«ይህኛው ያበራል» አለች ቀስ ብላ።

«መስታወቱ ይሆናል» አልኳት። መስታወቱ እንዳልሆነ አይቻለሁ።

ከዚያ ሁለተኛው አበራ። ከዚያ ሦስቱ በአንዴ። ኮምፕሬሰሮቹን ዳሰስኩ፤ ሞቀዋል ግን ደህና ናቸው። ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ደህና ነው። ቀስቱን አየሁ፤ ሃያ ሁለት ላይ ንቅንቅ አላለም። የማውቀው ሁሉ ደህና ነው ይለኛል፣ ዓይኔ ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ አያውቅም። ክዳኑን ብከፍት አየር ይገባል። ሞተሩን ባጠፋ አየር ይገባል። ናይትሮጅኑ አልቋል። መፍቻዬን እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ፣ የት እንደማሳርፈው አላውቅም። ሱሀይላ ከክዳኑ አጠገብ ተንበርክካ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየች ነው ወይስ እየቆጠረች አልለየሁም። እኔ ማርያምን እየተማፀንኩ ነበር፤ ለሷ ይሁን ለራሴ ስም ግን እንጃ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀላል ከፈረቃው ወጥቶ መጣ። የእኔ እኩያ ነው፣ ዝምተኛ ሰው። ብልቃጦቹን አላየም፤ እንደ ሙያ ባልደረባ መጀመሪያ ያየው ጌጁን ነው።

«አቦ ደምመላሽ፣ ምነው ሁለት ጎደለህ?»

«የምን ሁለት?»

«የእኛ አገር እስከ ሃያ አራት ይወርዳል እኮ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ ይከብዳል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነ እናንተ ሃያ ሁለት ላይ ትጨርሳላችሁ። እዚህ ሃያ ሁለት ካለህ የሆነ ቦታ አየር ያስገባብሃል።»

የአበሻ ወለል የሚባል ነገር የለም። የደሴ ወለል ነበር፣ የኮምቦልቻ ወለል ነበር፤ እኔ የአንዱን ተሸክሜ ሌላው ላይ አምጥቻለሁ። ጎደለ የተባለው ሁለት፣ በረዶውን ያቀለጠው አየር ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ጠጋኝ ሁሉ ያደርገዋል፣ እንዲያም ሆኖ ራሴን ይቅር አላልኩም። ጎንበስ ብዬ መጋጠሚያዎቹን በእጄ ዳሰስኩ፤ ሁለተኛው ላይ ሐረጎ ያላላው ብሎን አገኘሁ። ግማሽ ዙር የማይሞላ ነው። መፍቻዬን አስገባሁበት።

«ጋሼ፣ አይንኩት!»

ሱሀይላ ጮኸች። ከተዋወቅን ጀምሮ አይሆንም ያለችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ግን እጄ ቀድሞ ዞሯል። ቀስቱ ተንቀሳቀሰ። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት። እፎይ ልል አፌን ስከፍት ብልቃጦቹ ፈሉ።

የቀለጠው ውሃ አየሩ ከላዩ ሲነሳለት፣ ሳይሞቅ፣ እዚያው ብርድ ላይ ሆኖ መፍላት ጀመረ። አረፋ ሆኖ ተነሳ፣ ከብልቃጡ አንገት ወጣ፣ ወደ ጎረቤቱ ብልቃጥ ፈሰሰ። መካከል ላይ ገና በረዶ የነበሩት አሥር ያህሉም ከላይ በአረፋ ተሸፈኑ። መልሼ ላላላው? ላጥፋው? ሱሀይላን አየኋት። ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ ዘርግታ ነበር። ጀላል «ያ ረቢ» አለ። ኮምፕሬሰሮቹ ብቻ ጥሩ ይሠሩ ነበር።

እንዲያም ሆኖ እስከ ረቡዕ ማታ አላጠፋችውም። ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ነው። ሐሙስ ጠዋት ክዳኑን ስንከፍት ብልቃጦቹ ሥር ቢጫ ሙጫ የመሰለ ተጣብቋል፤ ነጭ ሆኖ የቆመ አንድም የለም። ከአንዱ ላይ በመርፌ ጥቂት ውሃ ጨመረችበት፣ አወዛወዘችው፣ ወደ መስኮቱ አቀናችው። ውሃው ውስጥ ነጫጭ ቁርጥራጭ ተንሳፈፈ። ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። እሷ ራሷ ነገረችኝ።

«ተያይዘዋል» አለች። «አለቀ።»

ዕቃውን ስንጭን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ ፒክአፑ አጠገብ አቆምኳት።

«ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኮሌጁ ድረስ ሄጄ እናገራለሁ። ደምመላሽ የሚባል ደንቆሮ ጠጋኝ ነው ያበላሸው እላለሁ። እኔ ወለሉን አላውቅም ነበር።»

«ይህን እነሱ ምን ያደርጉበታል ጋሼ? ንጥረ ነገሩ የለም።»

«ቢያንስ አንቺ እንዳላጠፋሽ ይወቁ!»

መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ረዥም ጊዜ ጠረገችው።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሃያ አራት መሆኑን። ማክሰኞ ጠዋት ከፍታውን አስልቼ ደርሼበት ነበር። ለዚህ ነው ሁለቴ የጠየቅኩዎት።»

አምስት ሰዓት ላይ በረዶው ገና ድንጋይ ነበር። ያኔ ብሎኑ ቢጠብቅ ሠላሳ ስድስቱም ይተርፉ ነበር። ግማሽ ዙር ነው የጎደለው፣ ልጅቷም ታውቅ ነበር።

«ታዲያ አትናገሪም?» ጮህኩባት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ላይ፣ ጮህኩባት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ! ይሉኝታሽን ሁሉ አሽቀንጥረሽ አንተ ደደብ ሽማግሌ ዞር በል አትይኝም? መፍቻውን ነጥቀሽ አታጠብቂውም?»

«ሰው እያየ?» አለች። በጣም ዝግ ብላ ነው ያለችው፣ እንደ ወቀሳም አልነበረም። «በነፃ እየሠሩልኝ? ወላሂ ብለው ማሉልኝ እኮ፣ ጋሼ። እርስዎን ላሳፍርዎት?»

«ስደቢኝ» አልኳት። «እባክሽ አንዴ ስደቢኝ።»

«ኸይር ነው» አለች።

በሺር ሞተሩን አስነሳ። ሱሀይላ ቀድማኝ ሄዳ የጋቢናውን በር ከፈተችልኝ። እምቢ አልኩ፤ ዛሬስ እንኳ አንቺ ከፊት ግቢ፣ እኔ ከዕቃው ጋር ልሁን አልኩ። በሩን ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ዝናብ እየመጣ ነበር፣ በሺር ጥሩምባ ነፋ፣ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። በመጨረሻ ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝና ከኋላ ወጣች።